ሰሙ ሲሚንቶ፣ ወርቁ ዝገት

ጀልባዬ ውሃ ማስገባት መጀመሯን የነገረኝ ካልሲዬ ነው። ከደቅ ደሴት ተነሥተን ወደ ቁንዝላ ስንመለስ ከሞተሩ አጠገብ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር፤ ተረከዜን ቀዘቀዘኝ። መጀመሪያ የመጠጥ ውሃው ጄሪካን የተገለበጠ መሰለኝ። ጄሪካኑ ግን ክዳኑ እንደተከደነ ቆሟል። የወለሉን ሳንቃ አንሥቼ እጄን ብሰድድ ውሃው እስከ አንጓዬ ዋጠኝ።

በውቅያኖስ ላይ በሸራ ጀልባ የሚዞሩ ሰዎች በጀልባቸው ሆድ ውሃ ሲያገኙ መጀመሪያ ይቀምሱታል። ጨው ጨው ካለ ባሕሩ ገብቷል ማለት ነው፤ ካላለ ዝናብ ወይም የራሳቸው በርሜል ነውና ልባቸው መለስ ይላል። እኔም ሳላስበው ጣቴን ላስሁ። ጣና ጨው የለው! ዝናቡም፣ ሐይቁም፣ የግልገል ዓባይ ጎርፍም አፍ ውስጥ አንድ ናቸው። ያገኘሁት የናፍጣ ጣዕም ብቻ ነበር። ረዳቴ፣ የባለቤቴ የወንድም ልጅ፣ ዲያቆን ነው፤ በጣሳ እየቀዳ እየደፋ፣ እኔ መሪውን ይዤ በጸጥታ ቁንዝላ ደረስን። የሚያውቀውን መዝሙር ሁሉ በልቡ እንደዘመረ በኋላ ነግሮኛል።

ይህ የሆነው በጥር ነው። ጀልባዋ እንደገና ውሃ የነካችው በመስከረም ነው። እኔ የያዝሁት ዕቅድ የስድስት ሳምንት ነበር።

ጀልባዋ 9 ሜትር ርዝመት ያላት የላሜራ ጀልባ ናት። ታችኛው ሆዷ ባለ 4 ሚሊ ሜትር፣ ጎኖቿ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ናቸው፤ ሞተሯ ባለ ሁለት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። የሒሳብ መምህር ሆኜ ኖሬ ጡረታ ስወጣ ያጠራቀምሁትን ሰጥቼ ገዛኋት። ሚስቴ እስካሁን «ያ መሬት» ስትል ልገዛው የምችለውን ቦታ ማለቷ ነው። የሰፈሩ ሰው ጉማሬዋ ይላታል፤ ሆደ ሰፊ ስለሆነች፣ ደግሞም የማቀዝቀዣ ውሃዋን በጎኗ እየተፋች ስለምትሄድ።

ባሕር ዳር ጀልባ የሚጠግኑ ጋራዦች አሉ። ወደዚያ ያልወሰድኋት ባገር ልጅነት ኩራት አይደለም፤ እንዲያ እየፈሰሰች ሐይቁን ማቋረጥ ፈርቼ ነው። የቁንዝላ «የጀልባ ጋራዥ» ደግሞ አንድ ዋርካ፣ አንድ የለመለመ ዳርቻና ከዋርካው ሥር የሚተኙ ከብቶች ናቸው። የጎደለ ነገር ሲኖር ዱርቤቴ ድረስ፣ ከዚያም ከጠፋ ባሕር ዳር ድረስ ሰው ይላካል፤ መንገዱም እንደ ሰው ጠባይ ነው፣ አንዳንድ ቀን ይከፈታል፣ አንዳንድ ቀን ይዘጋል። አንድ ጊዜ ለአንድ ፍሬ ኩሽኔታ 11 ቀን ጠብቄአለሁ። የመጣውም ቁጥሩ የተሳሳተ ነበር።

ያወጣናት በደቦ ነው። ዳርቻው ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ እንደ መንኮራኩር ደረደርን፤ በአፍንጫዋ በኩል ገመድ አሰርን፤ 30 ያህል ሰውና ሁለት ጥማድ በሬ ጎተታት። አራት ቶን ገደማ ትመዝናለች ብዬ አስልቼ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ስሌቴን ሰምተው «መምህር፣ እሱን ተወውና ጠላው ይበቃል ወይ?» አሉኝ። በቃ። ከውሃው ጠርዝ 20 እርምጃ ያህል ወጥታ በድንጋይና በግንድ ላይ ተቀመጠች። ከውሃ የወጣች ጀልባ ታሳዝናለች። ውሃ ውስጥ ክብደት የሌላት የምትመስለው፣ መሬት ላይ ስትወጣ የራሷ ክብደት ይጫናታል፤ ድጋፉ በትክክለኛው ቦታ ካልገባም ላሜራው ይጎብጣል። ድንጋዮቹን ከአጥንቶቿ ሥር ለማግባት ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀን።

አሁን ወደ ሲሚንቶው ልምጣ። እስከዚህ ድረስ የዞርሁት እሱን ላለመንገር ነው።

ከአራት ዓመት በፊት በሆዷ ላይ አንዲት የምታላብ ቦታ አይቼ ነበር። ላብ እንጂ ፍሳሽ አልነበረችም። አንድ ወዳጄ ወለሉ ላይ ሲሚንቶ ቢፈስስበት ለዘለዓለሙ ይደፈናል አለኝ። ወንዝ ዳር ያደግሁ ሰው ሲሚንቶና ውሃን እንደ ባልና ሚስት ነው የማያቸው፤ ያልጠረጠርሁት ለዚህ ይሆናል። አሸዋ አስነፍቼ፣ በአራት ጣት ውፍረት፣ ከፊት እስከ ኋላ አስለሰንሁት። ማንኪያው ጀርባ ያለፈበት ቦታ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ሰው ሲመጣ የወለሉን ሳንቃ አንሥቼ አሳይ ነበር፤ «እዚህ ላይ መተኛት ይቻላል» እያልሁ።

ሲሚንቶ በራሱ የብረት ጠላት አይደለም። ብረቱን አጥብቆ እስከያዘው ድረስ እንዲያውም ከዝገት ይጠብቀዋል፤ የቤት ምሰሶ ውስጥ ያለው ፌሮ በዚያ ነው የሚኖረው። ጀልባ ግን ቤት አይደለችም። ሞተሩ ያንቀጠቅጣታል፣ ማዕበሉ ያጥፋታል፣ ቀን ፀሐይ ያሰፋታል፣ ሌሊት ብርድ ያጠብባታል። ላሜራው ይተጣጠፋል፤ ሲሚንቶው አይታጠፍም፤ አንድ ቀን ይለያያሉ። በመካከላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ይበቃል። ውሃው ገብቶ ይቀመጣል። ፀሐይ አያየውም፣ ነፋስ አያደርቀውም። ከላይ ግን ወለሉ ደረቅ ነው፤ እኔም መስተዋቴን እያሳየሁ ነው።

በያጁ የ24 ዓመት ወጣት ነው፤ ሥራውን የተማረው ባሕር ዳር ነው። በመሮና በመዶሻ ሲሚንቶውን ለመስበር ሁለት ቀን ወሰደብን። ሲላቀቅ ከሥሩ የወጣው ብረት ብረት አይመስልም ነበር፤ ዝናብ የመታው መጽሐፍ እንደሚሆነው ገጽ በገጽ ይነሣል። ከፊሉ ቅጠል የጣት ውፍረት ነበረው፤ እኔም ይህን ያህል ከወፈረ ገና ብዙ ብረት አለ ብዬ ተጽናናሁ። በያጁ ሳቀብኝ። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ ጣት የሚያህለው ቅጠል ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር ላሜራ ተነሥቶ ያበጠ ነው። ብረት እየከሳ ሲሄድ የሚያብጥ ነገር ነው፤ ለዚህ ነው ዓይን የማይታመነው።

ዲያቆኑ የሲሚንቶ ስባሪ በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል። በአንድ ፊቱ ነጭ፣ ልስልስ፣ እኔ ያስለሰንሁት፤ በሌላው ፊቱ የዝገቱ ቅጠል ተጣብቆበት ቀይ። የቅኔ ቤት ልጅ አይደል? «ጋሼ፣» አለኝ፣ «ሰሙ ሲሚንቶ፣ ወርቁ ዝገት!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል የአገሬ ሰው። ያ የደበቀ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ደበቅሁ ብሎ አያስብም፤ ጠገንሁ ብሎ ነው የሚያስብ። ያንን ሲሚንቶ ያፈሰስሁት ጀልባዋን ስለምወድዳት ነበር። ስለማልንከባከባት ቢሆን ኖሮ ላቧን ትቼው፣ በሁለተኛው ዓመት ፍሳሽ ሆኖ ታይቶ፣ አንዲት መዳፍ የምታህል ቁራጭ ተበይዶባት በዳነች ነበር።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የትኛው ላሜራ ይቀራል፣ የትኛው ይወጣል የሚለው ነው። የሠለጠነ ጋራዥ በድምፅ ሞገድ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ አለው። እኛ መዶሻና ጆሮ ነበረን። ጤነኛ ላሜራ በመዶሻ ሲመታ ይጮኻል፤ የበሰበሰው እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ዱፍ ይላል። ችግሩ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ስለዚህ ሆዷን በጠመኔ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አራት ማዕዘን እያሠመርሁ ከፋፈልሁት፤ በያንዳንዱ ማዕዘን መካከል በያጁ በትራፓኖ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳ። ከዚያ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ጫፉን አጥፌ በቀዳዳው አሳልፌ፣ ጀርባውን ይዤ ውፍረቱን ለካሁ፤ ደብተር ላይ ጻፍሁ። 3.6። 3.5። 3.6። 3.2። ወደ ኋላ ስንሄድ 2.1። 1.4። አንዱ ላይ ትራፓኖው ሳይጮኽ ገባ፤ በያጁ ወደ ፊት ተደፋና በግንባሩ ልመታ ብሎ ተረፈ።

በጠቅላላው 61 ቀዳዳ። ለወሬ የመጡት ሰዎች እየዞሩ ይቆጥሩ ነበር። «መምህር አንድ ቀዳዳ ሊደፍን መጥቶ ስድሳ ጨመረባት» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ባሕር ዳር ገባ።

ደብተሬ ላይ የወጣው ካርታ ግን ያልጠበቅሁት ነበር። ክፉኛ የተበላው ውሃ የሚጠራቀምበት ዝቅተኛው ቦታ ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም። ከሁሉ የከፋው የሲሚንቶው ጠርዝ የነበረበት መሥመር ነው፤ ግራና ቀኝ፣ እንደ ቀበቶ፣ እርጥቡና አየሩ የሚገናኙበት ቦታ። መካከሉ ላይ ሲሚንቶው እንደያዘ የቀረበት አንድ ክንድ ያህል ቦታ ደግሞ እንደ አዲስ ላሜራ 3.9 አነበበ። ወዳጄ ሙሉ በሙሉ አልዋሸኝም ማለት ነው። ይህን አልነገርሁትም።

ብየዳው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ከቁንዝላ አካባቢ የጣና ውሃ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ገብቶ የበለስን ኃይል ማመንጫ ያዞራል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ነው። ውሃው ኃይሉን ሰጥቶ በለስ ወንዝ ውስጥ ይገባና በሌላ መንገድ ዞሮ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። እኔ እዚያው ሐይቅ ዳር ቆሜ በኪራይ ጄኔሬተር፣ በጄሪካን በመጣ ናፍጣ እበይዳለሁ። ማማረሬ አይደለም፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የምናወራው ይህን ስለነበር ነው፤ ጄኔሬተሩም ብዙ ጊዜ ይጠፋ ነበር።

ኤሌክትሮዱ እርጥበት ስቦ ስለነበር ብየዳው እንደ ወንፊት ቀዳዳ ያወጣ ጀመር። በያጁ «መድረቅ አለበት» አለ። በምን? ያደርሁባቸው እትዬ ምጣድ ጥደው ነበር። እንጀራቸውን ሲጨርሱ ኤሌክትሮዱን በምጣዱ ላይ ደርድረን አክምባሎ ከደንንበት። ካንድ ሰዓት በኋላ ከፈት አድርገው አዩት። «ይህስ መቼም ዓይን አያወጣም!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከእንጀራው በኋላ የእኔ ተራ ሆነ። ብየዳው ተስተካከለ።

በዚህ መካከል ሁለተኛውን ሲሚንቶ ላፈስስ ነበር። ወሩ መጋቢት ገብቷል፤ ገንዘቡ እየሳሳ ነው፤ ሚስቴ በስልክ ስለ ጀልባዋ መጠየቋን ትታለች፣ ይህ ደግሞ ከመጠየቋ ይብሳል። «የተበላውን ቆርጠን ከምናወጣ፣» አልሁት በያጁን፣ «አዲሱን ላሜራ ከውጭ በላዩ ላይ ለብጠን ዙሪያውን ብንበይደውስ? በሳምንት ያልቃል።» መነጽሩን አነሣ።

«ይቻላል መምህር። በሁለቱ ላሜራ መካከል የሚቀረው ውሃስ?»

ዝም አልሁ።

«እኔ እለብጥልዎታለሁ፤ በአራት ዓመት ደግሞ ይጠሩኛል።»

ቆርጠን አወጣን። ቁራጩንም እኔ ለመለካት እንዲመቸኝ አራት ማዕዘን ይሁን ስል በያጁ ማዕዘኑን ሁሉ በጠመኔ አጎበጠው። ሹል ማዕዘን ያለው ቁራጭ ከማዕዘኑ ይሰነጠቃል፤ ጉልበቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። «የሱሪ ኪስ ከየት ነው የሚቀደድ?» አለኝ። አርባ ዓመት ያህል ማዕዘን ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። ሲበይድም በአንድ ወገን ጀምሮ አይጨርስም፤ ሦስት ጣት ያህል እዚህ፣ ከዚያ ተነሥቶ በተቃራኒው በኩል ሦስት ጣት፣ ደግሞ ወደ ጎን። ሙቀቱ ባንድ ቦታ ከተጠራቀመ ላሜራው እንደ ቆሎ መቁያ ይጎብጣል። ሰባት ቁራጮች ገቡ። ትልቁ የበር ያህል ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርን። ጀልባ ውስጥ ላሜራውን አቋርጠው የሚያልፉ አጥንቶች አሉ፤ ከእያንዳንዱ አጥንት ግርጌ፣ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት፣ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ መኖር አለባት፤ ውሃ ከየክፍሉ ወደ አንድ ዝቅተኛ ቦታ እንዲወርድ። ጉማሬዋ ስትሠራ እነዚህ ቀዳዳዎች ነበሯት። ሲሚንቶዬ ደፍኗቸዋል። በሰጌቶና በሞረድ አንድ በአንድ ከፈትናቸው። ከዚያ ፍተጋ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፀረ ዝገት ቀለም። የተፈተገ ብረት ቀለም ሳይቀባ ካደረ ጠዋት ላይ ብርቱካን ለብሶ ነው የሚገኘው፤ ጠዋት ደግሞ ጤዛው ሳይደርቅ አይቀባም። ስለዚህ ቀኑ አጭር ነው፤ የፈተጉትን ያህል ብቻ ቀብቶ ማደር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለት ጊዜ አፍሼ ለቅሜአለሁ።

ከዋርካው ሥር ከእኛ ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ይሠሩ ነበር። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ በገመድ ጥፍር አድርገው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀልብሰው፣ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ አንድ ታንኳ ይጨርሳሉ። መዶሻ የላቸው፣ ጄኔሬተር የላቸው። በስምንቱ ወር ውስጥ እኔ አንዲቷን ጀልባዬን ስዳብስ እርሳቸው ስንት እንደሠሩ መቁጠር ተውሁ። ታንኳ ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይም፤ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ለዚህ ነው ባለታንኳ ሁሉ ከሐይቁ ሲወጣ ታንኳውን ተሸክሞ ግንድ ላይ አስደግፎ የሚያቆመው፤ ውሃው ወርዶ እንዲያልቅ።

አንድ ቀን መጥተው የተቆረጠውን ሆድ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ቢያደንቁልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ይህች ስትታመም በምን ይታወቃል?» አሉኝ።

«አይታወቅም አባቴ። ተቀዶ ነው የሚታይ።»

«የእኛው ይከብዳል። ትከሻ ያውቀዋል።» ትንሽ አሰቡና፣ «ይህን የወደቀ ብረት ትፈልገዋለህ?» አሉ። ከበሰበሰው ላሜራ ደህና ደህናውን መርጠው ለዶሮ ቤት ደጃፍ ወሰዱት። እንግዲህ ሽማግሌ ሁሉ ምሳሌ ሊነግረን አይመጣም፤ አንዳንዱ ላሜራ ፈልጎ ነው የሚመጣ። ጀልባዋ ላይ ሸራ ልተክል እንዳሰብሁ ስነግራቸው ግን በግልጽ ሳቁብኝ፤ በዚያ ነገር ትንሽ ተከፋሁ። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌጃዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ራ ብሎ የሰየመውን የደንገል መርከብ የሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል እንደሆነ፣ በሸራም ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን እንዳቀና ነገርኋቸው። «ደረሰ?» አሉ። የመጀመሪያው ሳይደርስ ተበታተነ፤ በዓመቱ ሁለተኛው ደረሰ አልኋቸው። «እንዲያ ነው፣» አሉ፣ «መጀመሪያ የሚሠራ ሰው ገመድ ይቆጥባል።»

ሸራው የመጣው በናፍጣ እጥረት ነው። ነዳጅ በማይገኝበት ሳምንት ጀልባ መሬት ላይ ብትሆን ውሃ ላይ ብትሆን ልዩነት የለውም። ጣና ደግሞ ነፋስ አያጣም፤ ጠዋት ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፣ ከቀትር በኋላ ይነሣል። ባለታንኳዎች ገበያቸውን በጠዋት የሚጨርሱት ለዚህ ነው። ምሰሶውን ከቀጥተኛ ባሕር ዛፍ አወጣሁ፤ ላጥሁትና በጥላ ሥር ሁለት ወር አደረቅሁት፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ባሕር ዛፍ እንደ ቡሎን ይጠመዘዛል። ሸራውን ያሰፋሁት ዱርቤቴ፣ ከድንኳን ጨርቅ ነው። ልብስ ሰፊው ጎበዝ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ እንደ ጠረጴዛ ልብስ የተስተካከለ ሸራ ሠራልኝ። መልሼ ወሰድሁለት። ሸራ ጠፍጣፋ ከሆነ ነፋስ ይገፋዋል እንጂ አይስበውም፤ ሆድ ይፈልጋል። ጠርዙን ቀጥ አድርገን በመስፋት ፈንታ ወደ ውጭ አጎበጥነው፤ ምሰሶው ላይ ሲወጠር ትርፉ ወደ መካከል ይገባና ሆድ ይሆናል። «እንደ ሴት ቀሚስ ደረት ማለት ነዋ!» አለና ባንድ ከሰዓት ጨረሰው። ያን ጊዜ ነው ሥራውን ከእኔ በላይ እንደሚያውቅ የገባኝ፤ ቃሉን ብቻ ነበር ያጣሁለት።

ሞተሩ ብዙም አላስቸገረም። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን እዚሁ ከፍታው ይወስድበታል። ጥቁር ጢሷን በበሽታ የምጠረጥረው በከንቱ ነበር። ጓርኒሲዮኑን ቀይሬ፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያዋ ላይ ወንፊት ጨመርሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እንቦጭ ወደ ምሥራቁና ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ሲኬድ የማይገባበት ቀዳዳ የለም።

ሥራው በግንቦት መጨረሻ አለቀ። ሐይቁ ግን አልጠበቀንም። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ እስከ ሰኔ ድረስ ይወርዳል፤ ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ አንድ ክንድ ሲወርድ ሜዳ ይከፈታል። ጥር ላይ 20 እርምጃ የነበረው ርቀት 190 እርምጃ ሆኗል፤ እኔው ቆጥሬዋለሁ። ሌላ ደቦ ለመጥራት ስነሣ እትዬ ከበራቸው ላይ ሆነው፣ «ለምን ትጎትታታለህ? ሐይቁ ራሱ ይመጣ የለም?» አሉኝ።

ጠበቅሁ። ክረምቱ ገባ። መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ሆዷ ውስጥ እንዳይገባ ሸራ ለማልበስ ሮጬ ነበር፤ ከዚያ ሐሳቤን ቀይሬ ገፈፍሁት። ዝናቡ ገባ። የወለሉን ሳንቃ አንሥቼ በሆዴ ተኝቼ ተመለከትሁ። ውሃው በፊተኛው ክፍል ተጠራቀመ፣ ወደ ቀዳዳው ሄደ፣ በመጀመሪያው አጥንት ሥር ሾለከ፣ ሁለተኛው ጋ ደረሰ፣ በቀጭኑ አለፈ፤ እስከ ኋላው ጉድጓድ ድረስ እየተንደረደረ ወረደ። አራተኛው አጥንት ላይ ብቻ ቆመ፤ የብየዳ ቅርፊት ዘግቶት ነበር፤ በምስማር ጎረጎርሁት። እርጥብ ሆኜ ስገባ እትዬ ምን ሆነህ አሉኝ። ውሃ ሲሄድ እያየሁ ነበር አልኋቸው። ያን ቀን ቡናውን በዝምታ ነው የሰጡኝ።

በነሐሴ ሐይቁ በየቀኑ ጥቂት ጣት እየተጠጋ መጣ። የጎርፉ ቀለም ቡናማ ነበር። ከዕንቁጣጣሽ በኋላ በአራተኛው ቀን ሌሊት ድንጋዩ ላይ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁና ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ኋላዋ ተነሥቷል። ፊቷ ገና ድንጋዩ ላይ ነው፤ ማዕበሉ ሲመጣ ቀና፣ ሲሄድ ኳ። ሲነጋ ዲያቆኑና እኔ፣ ሁለታችን ብቻ፣ በትከሻችን ገፋናት። ሄደች።

የሞተሩ ዘንግ ከጀልባዋ ሆድ ወጥቶ መቅዘፊያውን ወደሚያዞርበት ቦታ ስንመጣ አንድ የብረት አንገት አለ። ዘንጉ በዚያ አንገት ውስጥ ያልፋል፤ በዙሪያው በቅባት የተነከረ ባለ አራት ማዕዘን ገመድ ቀለበት እየሆነ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ በዳዶ ይጨመቃል። አራት ቀለበት ነው የጠቀጠቅሁት፤ የአንዱ መጋጠሚያ ከሌላው መጋጠሚያ በላይ እንዳይውል እያዞርሁ፣ አለዚያ ውሃው ቀጥ ያለ መንገድ ያገኛል። ይህ አንገት ዘንጉ ሲዞር በጭራሽ ካላንጠባጠበ ተጨንቋል ማለት ነው፤ ገመዱ ይደርቃል፣ ይግላል፣ ዘንጉን ይፍቃል። በደቂቃ ሁለት ሦስት ጠብታ መጣል አለበት።

ወደ ደቅ ስንሄድ ነፋሱ ገና አልተነሣም ነበርና በሞተር ነው የሄድነው። ዲያቆኑ ከኋላ ሳንቃውን ከፍቶ ሲያይ ጮኸ።

«ጋሼ! ውሃ ያስገባል!»

ሄጄ አጠገቡ ተንበረከክሁ። ከአንገቱ ሥር አንዲት ጠብታ ሰፋች፣ ተንጠለጠለች፣ ወደቀች፤ በቀዩ ቀለም ላይ ተንሸራትታ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ልጁ መፍቻ ይዞ ዳዶውን ሊያጠብቅ እጁን ሰድዷል። እጁን ያዝሁት።

«ተወው። ቁጠር።»

«ምኑን?»

«በቀስታ፣ በሰከንድ አንድ እያልህ።»

መቁጠር ጀመረ። ሃያ አራት ላይ ጠብ አለ።